ቦርሳው ነገም ሙሉ ነው?

የሬዲዮ ትምህርታዊ ዝግጅት

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣው የአምቡላንስ ባለሙያዎች፣ የድንገተኛ ክፍል ነርሶችና የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ ይዘውት የሚንቀሳቀሱትን የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ ነው። ውስጡ ምን ይኑር? ምንስ አይኑር? ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ካገለገለ በኋላ ማን፣ መቼ፣ በምን ገንዘብ ይሙላው? ባለሙያ ያልሆናችሁ አድማጮቻችንም አብራችሁን ቆዩ። ከቦርሳው ዕቃ አብዛኛው ለማንኛውም ቤተሰብ የሚሆን ነው፤ አደጋ ሲደርስም ከባለሙያው ጎን የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ዩኒፎርሙን አውልቆ ወደ ቤቱ ሲገባ ሙያው አብሮት ይገባል። በሠፈሩ «እሱ እኮ አምቡላንስ ላይ ነው የሚሠራው» ከተባለ እኩለ ሌሊት ላይ በሩ መንኳኳቱ አይቀርም። የጎረቤት ልጅ በፈላ ውኃ ሲቃጠል፣ አዛውንቱ ደረጃ ላይ ሲወድቁ፣ ሞተር ብስክሌት እግረኛ ሲገጭ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው።

ሕጉም ሁላችንንም ይመለከታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያስከትል መርዳት እየቻለ፣ ሕይወቱ ወይም ጤናው ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ሆን ብሎ ያለ እርዳታ የተወ ሰው እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ልብ በሉ፤ እርዳታው ቀጥተኛ ብቻ አይደለም። ስልክ ደውሎ አምቡላንስ መጥራትም እርዳታ ነው። ሕጉ ማንንም ቦርሳ ተሸከም አይልም። ቦርሳውን የሚያዝዘው ባለሙያው የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው፦ አደጋ በደረሰበት ደቂቃና ሐኪም ዘንድ በሚደረስበት ደቂቃ መካከል ያለው ርቀት።

ይህ ርቀት አዲስ ችግር አይደለም። በአውሮፓውያኑ 1888 ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ያወጣቸው የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኖች የታሰቡት ለባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ነበር። ሐዲዱ የሚዘረጋው ከከተማ ርቆ ነው፤ ሠራተኛው ሲጎዳ ሐኪም በአቅራቢያው የለም። በአገራችንም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ደጃፍ ላይ በደረሰበት ወቅት ሲመሠረት ከፊቱ የተደቀነው ጥያቄ ያው ነበር፤ የቆሰለው ሰው ሐኪም እስኪያገኝ ድረስ በሕይወት የሚያቆየው ማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቦርሳ ሲከፈት በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ ይረጋጋል። ነጠላዋን ልትቀድድ የነበረችው ሴት እጇን ትሰበስባለች። መኪና ሊያስቆም የሮጠው ወጣት ይመለሳል። «ባለሙያ መጥቷል፣ ዞር በሉ» ይባላል። እንግዲህ ቦርሳው ውስጥ መኖር የነበረበት ፋሻ ባለፈው ሳምንት አልቆ፣ ቦታው ባዶ ቢሆንስ? ሕዝቡ ሌላ መላ መፈለጉን ያቆመው በባዶ ቦርሳ ተማምኖ ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ያልተሞላ ቦርሳ ጨርሶ ቦርሳ ካለመኖሩ የሚብስበት ጊዜ አለ የምንለው። ቦርሳ መያዝ ቃል መግባት ነው፤ ቃሉ የሚፈተነው ደግሞ ቦርሳው ባገለገለ ማግስት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ታዲያ ምን እንያዝ? ከትንሹ እንጀምር። አንድ ባለሙያ ዘወትር ከኪሱ የማይለያቸው ሁለት ነገሮች ቢኖሩ ጥሩ ነው፦ አንድ ጥንድ ጓንትና ከአፍ ወደ አፍ ትንፋሽ ለመስጠት የሚሆን፣ የቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠል ታጣፊ መከላከያ። እነዚህ ክብደት የላቸውም፤ ሠርግ ቤትም ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አብረው ይሄዳሉ።

በቦርሳው ውስጥ ደግሞ የሚከተሉት ይኑሩ። አራት ወይም አምስት ጥንድ ጓንት፤ አንዱ ጥንድ ሊቀደድ፣ አንዱም ለሚያግዝ ሰው ሊሰጥ ይችላልና። በየራሱ የታሸገ ንጹሕ ጎዝ፣ ቢያንስ አሥር። ሦስት ወይም አራት ጥቅል ፋሻ። ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ፤ የተሰበረ ክንድ ከአንገት ጋር ለማንጠልጠል፣ ስንጥር ለማሰር። አንድ ጥቅል ፕላስተር። ልብስ የሚቆርጥ፣ ጫፉ ደነዝ መቀስ። የእጅ ባትሪ። ጥቂት ስኳር፤ የደሙ ስኳር ለቀነሰበት የስኳር ሕመምተኛ ነው። ራሱን ካልሳተና መዋጥ ከቻለ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል፤ ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይገባም። የማይለቅ ቀለም ያለው እስክሪብቶና ትንሽ ደብተር። በመጨረሻም ሁለት ጠንካራ ፌስታል፤ በደም የራሰው ሁሉ የሚታሰርበት።

አንድ ዕቃ ለብቻው እንየው፤ ቱርኒኬት። ቱርኒኬት ስንል ደም ለመቅዳት ክንድ ላይ የሚታሰረውን ቀጭን ላስቲክ ማለታችን አይደለም። ፋርማሲ ገብታችሁ በስሙ ብቻ ብትጠይቁ ያንኑ ላስቲክ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። እኛ የምንለው ሰፊ ማሰሪያና ማጥበቂያ ዘንግ ያለውን፣ ከእጅ ወይም ከእግር የሚንፎለፎል ደም በመጫን አልቆም ሲል የሚታሰረውን ነው። የሚታሰረው ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ ክርን ወይም ጉልበት ላይ አይታሰርም። ከታሰረ በኋላ «ትንሽ ላላላለት» አይባልም፤ የሚፈታው ሐኪም ቤት ነው። የታሰረበት ሰዓትም ይጻፋል። ከሁለት ሰዓት በላይ ሲቆይ የታሰረው አካል የመጎዳት ዕድሉ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ተቀባዩ ሐኪም ያቺን ሰዓት ይፈልጋታል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ባለሙያ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። «2፡10» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው አንባቢውን ስድስት ሰዓት ሊያሳስተው ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2፡10 ነው ወይስ በፈረንጆቹ ከቀትር በኋላ? ስለዚህ «ከምሽቱ 2፡10፣ በኢትዮጵያ» ተብሎ ይጻፍ። ሁለት ቃል መጨመር ነው፤ እግር ሊያተርፍ ይችላል።

ምን አይያዝ? መርፌ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ፣ የሚወጋ መድኃኒት፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ ኪኒን። ባለሙያው በሥራ ላይ እነዚህን የሚጠቀመው ከጀርባው ቡድን፣ መመሪያና ኃላፊነት የሚወስድ ተቋም ስላለ ነው። በመንገድ ዳር ብቻውን ሲሆን እነዚያ አብረውት የሉም። የግል ቦርሳ የአምቡላንስ ግልባጭ አይደለም፤ ዓላማው ደም ማቆም፣ ትንፋሽ ማስቀጠል፣ የተሰበረን አለማንቀሳቀስና ሰውየውን ለሚረከበው ቡድን በደኅና ማስረከብ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ አንድ ምሽት በዓይነ ሕሊናችን እንሳል። ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ ቦታው መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ አጠገብ። አንድ ወጣት መስተዋት ተሸክሞ ሲያልፍ ተደናቅፎ ወደቀ፤ ስባሪው ክንዱን ሰነጠቀው። ከሥራ ወጥታ ሰልፍ ላይ የቆመች የአምቡላንስ ባለሙያ ቦርሳዋን አውርዳ ተጠጋች። መጀመሪያ ያደረገችው ግን ቦርሳ መክፈት አልነበረም። መሬቱን አየች፤ ስባሪውን በእግሯ ገፋ አደረገች፤ ጓንት አጠለቀች።

«አይዞህ ወንድሜ፤ የአምቡላንስ ባለሙያ ነኝ። ልርዳህ?»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ከኋላዋ አንዲት እናት ይጮኻሉ።

«ኧረ ቡና! የተፈጨ ቡና አምጡና ነስንሱበት!»

«እማማ፣ ቡናውን ይተዉት፤ ቁስሉን ያቆሽሸዋል፤ ሐኪም ቤት ሲደርስም ለማጠብ ያስቸግራል። ይልቅ ይህን ባትሪ ያብሩልኝ፤ እዚህ ላይ ያድርጉልኝ።»

እናቲቱ ባትሪውን ያዙ። ባለሙያዋ ቀና ብላ ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው መረጠች።

«አንተ ባለ ቀይ ኮፍያው ወንድሜ፣ 907 ደውል። መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፉ ጋ፣ አንድ ሰው፣ ክንዱ ተቆርጦ ይደማል በላቸው። እነሱ ሳይዘጉ ስልኩን እንዳትዘጋ።»

«አንድ ሰው ይደውል» ብትል ኖሮ ሁሉም ሌላው ይደውላል ብሎ ያስብ ነበር። ጎዝ አወጣች፤ ደራርባ በቁስሉ ላይ ጫነች። ጎዙ ደም ሲመጥ አላነሣችውም፤ በላዩ ሌላ ጨመረች። «ቆመ ወይ?» እያለች በየደቂቃው ገለጥ አድርጋ አላየችም፤ እንዲህ ማድረግ መርጋት የጀመረውን ደም ይቀሰቅሰዋልና። ደሙ ጋብ ሲል በፋሻ ጠቅልላ አሰረች። የጣቶቹን ጫፍ ነካ ነካ አደረገች፤ ይሞቃሉ፤ ይሰማዋል። ፋሻው አልጠበቀም ማለት ነው። ክንዱን በባለ ሦስት ማዕዘኑ ጨርቅ አንጠለጠለችለት። አምቡላንስ ሲደርስ በሦስት ዓረፍተ ነገር አስረከበች፦ ምን እንደደረሰበት፣ መቼ እንደደረሰበት፣ እሷ ምን እንዳደረገች። ቱርኒኬቱ ከቦርሳው አልወጣም፤ ስላላስፈለገ ብቻ።

ወጣቱ ሄደ፤ ሕዝቡ ተበተነ፤ ታክሲ መጣ። ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። ለባለሙያዋ ግን ግማሹ ሥራ ገና ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ቤቷ ስትደርስ ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው። ጓንት፦ ሁለት ጥንድ ጎደለ፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ ስባሪ ላነሣላት ልጅ የሰጠችው። ጎዝ፦ ስድስት። ፋሻ፦ አንድ። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ጨርቅ ከተጎዳው ወጣት ጋር ሄዷል። ፕላስተሩ ተጋምሷል። ደም የነካው ጨርቅ የታሰረበትን ፌስታል ለአምቡላንሱ ቡድን ስለሰጠች የሠፈር ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አልገባም። መቀሱን በሳሙናና በውኃ አጠበች፤ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ከሚል በረኪና አንዱን እጅ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅላ ለ10 ደቂቃ ዘፈዘፈችው፤ ከዚያ አለቀለቀችና አደረቀች። በረኪና ብረት ስለሚያዝግ ሲዘፈዘፍ አያድርም።

ከዚያ በቦርሳው ክዳን ውስጥ በተለጠፈው ዝርዝር ላይ ከጎደለው ዕቃ አጠገብ ምልክት አደረገች። ይህ ዝርዝር ትልቁ ምሥጢር ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ስሙ፣ መኖር ያለበት ብዛትና ጊዜው የሚያልፍበት ወር የተጻፈበት አንድ ወረቀት። ዝርዝር ከሌለ ሰው የሚያስታውሰው ያለውን እንጂ የጎደለውን አይደለም። በማግስቱ ወደ ሥራ ስትሄድ ፋርማሲ ገብታ ገዛች፤ ሞላች፤ የዚፑን ሁለት ጫፎች በቁራጭ ፕላስተር አያይዛ ቀኑን ጻፈችበት። ማሸጊያው ሳይነካ ከተገኘ ቦርሳው ሙሉ ነው፤ ከተቀደደ ተከፍቷል፤ ይቆጠራል። ይህ በአምቡላንስ ላይም የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ በየቀኑ ሁሉንም ከመቁጠር ያድናል።

ጊዜው የሚያልፍበትን ወር ስናነብ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እሽጉ ላይ ያለው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። 03/2027 የሚል ሦስተኛ ወር ማለት ማርች ነው፤ የእኛ ሦስተኛ ወር ኅዳር አይደለም። ማርች 2027 በእኛ መጋቢት 2019 ላይ ይውላል። 11/2026 የሚለው ደግሞ ኅዳር 2019 ነው። በፈረንጆቹ በሁለት የተለያዩ ዓመታት የሚውሉት በእኛ አንድ ዓመት ውስጥ ናቸው። ዝርዝሩ ላይ በአንዱ አቆጣጠር ብቻ ጽፋችሁ የትኛው እንደሆነ አመልክቱ። ቀድሞ የሚያልፍበትን ከላይ፣ ቆይቶ የሚያልፍበትን ከታች አድርጉ። ጊዜው ያለፈበት ፋሻ አይጣል፤ «መለማመጃ» ተብሎ ተጽፎበት ለሥልጠና ይዋል።

ሙቀትም ጠላት ነው። በአፋር፣ በድሬዳዋ፣ በመተማ መኪና ውስጥ የከረመ የላቴክስ ጓንት እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሲሳብ ይቀደዳል። የፕላስተር ሙጫ ይደርቃል። አዲስ አበባም ቢሆን ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጡ ይግላል። ቦርሳው ከወንበር ሥር ሳይሆን ከሰው ጋር ቤት ይደር። በክረምት ደግሞ እርጥበቱን እዩ፤ የራሰ ወይም ማሸጊያው የተቀደደ ጎዝ ቀኑ ባያልፍም ንጹሕ አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? ይህ ቀልድ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከባለሙያው ደመወዝ ነው የሚወጣው። ለዚህም አንዳንዱ ሰው አቋራጭ ይፈልጋል፦ ከመሥሪያ ቤቱ አምቡላንስ ጥቂት ጎዝ፣ አንድ ፋሻ ማንሣት። ለበጎ ሥራ ነው ይላል። ችግሩ ግን ከዚያ መሳቢያ ላይ የተነሣው ፋሻ የሚፈለገው በሌሊቱ ፈረቃ፣ በሌላ ባለሙያ እጅ፣ በሌላ ቁስለኛ ላይ ነው። የግል ቦርሳ በግል ይሞላል፤ ከተቋሙ የሚገኝ ነገር ካለም በጽሑፍ ፈቃድና በመዝገብ ይሁን።

ወጪውን የሚያቀልሉ መንገዶች አሉ። ጓንት በነጠላ ከመግዛት 100 የያዘውን ካርቶን አራት አምስት ባልደረቦች አዋጥተው ቢገዙት ይረክሳል። ቆጠራውን ደመወዝ በተቀበላችሁ ማግስት አድርጉት፤ የጎደለው ሲታወቅና ገንዘቡ ሲኖር አንድ ቀን ይገናኛሉ። እድሮቻችንንም እናስብ። እድር ድንኳንና ወንበር አለው፤ በዋናነት ለሐዘን ነው። ለአባላቱ አንድ የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ ገዝቶ፣ በሠፈሩ ባለሙያ እጅ አስቀምጦ፣ ያለቀውን ከመዋጮው ቢተካ ወጪው ለሁሉም ይቀላል።

ስለ ራሱ ስለ ባለሙያውም አንድ ነገር እንበል። የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ ዓይኑ የሚከደንበት፣ ወይም ከዘመድ ሠርግ ጠጅ ቀምሶ የሚመለስ ባለሙያ እጁን ከመስደዱ በፊት ራሱን ይጠይቅ። በዚያን ጊዜ ትልቁ እርዳታው ስልክ መደወልና ሌላውን መምራት ሊሆን ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባቱን ያልጨረሰ ይጨርስ። ደም ቁስሉ ወይም ዓይኑ ላይ የተፈናጠረበት ደግሞ ወዲያው ይታጠብና በቶሎ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል።

አድማጮቻችን፣ የእናንተ ድርሻስ? አራት ነገሮችን ያዙ። አንደኛ፣ ስልኩን አስቀድማችሁ መዝግቡ፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፤ በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር 939። ሁለተኛ፣ ባለሙያው ሲሠራ ክበቡን አስፉ፤ ብርሃንና አየር ስጡት። ሦስተኛ፣ በቁስል ላይ ቡና፣ በቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙና አታድርጉ፤ በሚጥል በሽታ ለወደቀም ክብሪት አታሽትቱ። ቃጠሎ 20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ። የወደቀው በጎኑ ይተኛ፤ ጭንቅላቱ እንዳይጋጭ ለስላሳ ነገር ይደረግለት። አራተኛ፣ ባለሙያው በእናንተ ላይ ዕቃ ጨርሶ ከሄደ በማግስቱ አንድ ፋሻ ገዝታችሁ ስጡት። ምስጋናችሁ ለሚቀጥለው ሰው ይደርሳል።

ባለሙያዎች ደግሞ ዛሬ ማታ ቦርሳችሁን ክፈቱና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀምኩበት ነገር ተተክቷል? ቀኑ የቀረበው ዕቃ የትኛው ነው? ያለ ቡድን ልጠቀምበት የማይገባኝ ነገር ተሸክሜያለሁ? ለአንዱ እንኳ መልስ ካጣችሁ ነገ ጠዋት ፋርማሲው ከመሥሪያ ቤት ይቅደም።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን በቤት ውስጥ ልጅ በምግብ ሲታነቅ ምን እንደሚደረግ እንማማራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)